«ቱሽንህ ተከፍሏል» ሲባል ማን ከፈለው? የአሜሪካ ግዛቶች ለቀድሞ ወታደሮች የገቡት የትምህርት ቃል

ነሐሴ 2012 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ጦር ከተሰናበተ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እህቱ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቱ ቡና እየቆላች እሱ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ፖስታ ከፈተ። አንብቦ ዝም አለ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። አንደኛው መንግሥት የሚከፍልለት ነው። ሁለተኛው እሱ ራሱ የሚከፍለው። ሁለተኛው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ከ9 ሺህ ዶላር ያልፋል።

«ጂአይ ቢል ሙሉውን ይከፍላል ብለውኝ ነበር እኮ» አለ።

አልዋሹትም። የቀድሞ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው የፌዴራል ሕግ፣ ጂአይ ቢል የሚባለው፣ ሙሉውን ይከፍላል። የሚከፍለው ግን የግዛቱ ነዋሪ የሚጠየቀውን ሙሉ ክፍያ ነው። እሱ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ «አውት ኦፍ ስቴት» ነበር፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ማለት ነው። በዲቪ መጥቶ መጀመሪያ ያረፈው ሚኒሶታ ነው። ጦሩንም የተቀላቀለው ከዚያው ነው። ሥልጠናው ደቡብ ካሮላይና፣ ምድቡ ጆርጂያ፣ ከዚያ ደግሞ አፍጋኒስታን። ለአምስት ዓመት አገር ምድሩን ሲዞር ከርሞ ሲመለስ፣ የየትኛውም ግዛት ሰው አልሆነም። እህቱ ጋ የመጣው ዘመድ ስላለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ዘመድ አይቆጥርም፣ 12 ወር ነው የሚቆጥረው።

ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕግ ወጥቷል። የዛሬ ተመላሽ ወታደር በእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር አይደነግጥም። እኔ ግን ሕጎቹን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመለስብኛል። ሁለተኛው ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ሲጠፋ የት ሄደ? ከተማሪው ላይ ተነሳ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። አንድ ሰው ይከፍለዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ደግሞ ቃሉ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የግዛት ናቸው። የግዛቱ ነዋሪ ግብር ስለሚከፍል ልጁ በቅናሽ ይማራል። ከውጭ የመጣው ግን ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ብዙዎቻችን የምናውቀውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ኮሌጅ ፓርክን እንውሰድ። በ2023 በጀመረው የትምህርት ዘመን የሜሪላንድ ነዋሪ ለዓመት የሚከፍለው ወደ 11,500 ዶላር ነበር። ከሌላ ግዛት የመጣው ወደ 40 ሺህ። መምህሩ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ፈተናው አንድ። ዋጋው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል።

ነዋሪ ለመባል በአብዛኛው አንድ ዓመት እዚያ መኖር ያስፈልጋል። የቤት ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት ይጠየቃል። ለወታደር ይሄ ነው ችግሩ። ጦሩ በሁለት በሦስት ዓመት ያዘዋውረዋል። ብዙ ወታደሮች ደግሞ ሕጋዊ መኖሪያቸውን ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ አድርገው ያቆያሉ፣ እነዚህ ግዛቶች የገቢ ግብር ስለሌላቸው። ተሰናብቶ ቨርጂኒያ ሲገባ ታዲያ ወረቀቱ ሁሉ የሚመሰክረው ለሌላ ግዛት ነው። በሥራ ላይ ላለው ወታደርና ለቤተሰቡ የ2008ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መፍትሔ ሰጥቶ ነበር። በተመደበበት ግዛት እንደ ነዋሪ ይከፍላል። ዩኒፎርሙን ያወለቀ ዕለት ግን ያ ጥበቃ ያበቃል። ለአገሩ አገልግሎ ጨርሶ ሲወጣ እንግዳ ይሆናል።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመልሳችሁ። ጂአይ ቢል የተወለደው በ1944 ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 22 ቀን ፈረሙበት። ሐሳቡን በጽሑፍ ያዋቀረው የአሜሪካን ሊጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር መሪ የነበረው ሃሪ ኮልመሪ ነው፣ ያውም ዋሽንግተን በሚገኘው ሜይፍላወር ሆቴል ወረቀት ላይ። ሕጉ ለጥቂት ሊቀርም ነበር። የሁለቱ ምክር ቤቶች አስታራቂ ኮሚቴ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆኖ ተፋጠጠ። ወሳኙ ድምፅ የጆርጂያው ተወካይ የጆን ጊብሰን ነበር። እሱ ደግሞ ታሞ አገሩ ሄዷል። በሌሊት ተፈልጎ ተገኘ። በመኪና ወደ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል አደረሱት። ከዚያ በአውሮፕላን ዋሽንግተን ገብቶ ድምፁን ሰጠ። ስንት ሚሊዮን ሰው የተማረበት ሕግ በአንድ የታመመ ሰው የሌሊት ጉዞ ነው የተረፈው።

በ12 ዓመት ውስጥ 7.8 ሚሊዮን ያህል የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ወታደሮች በዚህ ሕግ ትምህርት ወይም ሙያ ቀስመዋል። 2.2 ሚሊዮን ገደማው ኮሌጅ ገብተዋል። እኩል አልደረሰም፣ ይሄ መነገር አለበት። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ወታደሮች ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው የኮሌጅ በር ተዘግቶባቸዋል። የሚቀበሏቸው የጥቁሮች ኮሌጆች ደግሞ ጥቂት ነበሩ፣ ቦታም አልነበራቸውም። መብቱ በዋሽንግተን ቢጻፍም በሩን የሚከፍተው ግዛቱ ነበር። የዛሬውም ጉዳይ ሥሩ እዚያው ነው።

ከዚያ ሕጉ እየጠበበ ሄደ። በ1980ዎቹ የመጣው የሞንትጎመሪ ጂአይ ቢል ወታደሩን ራሱን 1,200 ዶላር ያስከፍል ነበር፣ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ 100 ዶላር ከደመወዙ እየተቆረጠ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2008 ነው። የቨርጂኒያው ሴናተር ጂም ዌብ፣ ራሳቸው የቬትናም ዘማች፣ የገፉት ሕግ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ ሦስት ዓመት በሥራ ላይ ያገለገለ የ36 ወር ትምህርት ይከፈልለታል። 36 ወር ማለት አራት የትምህርት ዓመት ነው። የቤት ኪራይ ድጎማ አለው። ለመጽሐፍም በዓመት እስከ 1,000 ዶላር። እውነቱን ለመናገር ከ1944 ወዲህ እንደዚህ ያለ ለጋስ ሕግ አልነበረም።

ግን በ2011 አንዲት ማሻሻያ ገባች። እስከዚያ ድረስ መንግሥት ይከፍል የነበረው በየግዛቱ ያለውን ከፍተኛውን የነዋሪ ዋጋ መሠረት አድርጎ ነበር። ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ግን ተማሪው በገባበት ዩኒቨርሲቲ ነዋሪ የሚከፍለውን ብቻ ሆነ። አሠራሩ ቀለለ፣ ልክ ነው። ከሌላ ግዛት ለመጣው ወታደር ግን ልዩነቱ በሙሉ ጫንቃው ላይ ወረደ። የአክስቴ ልጅ ላይ የወረደው ይህ ነው።

ግዛቶች መንቀሳቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። ኦሃዮ በ2008 ቀድማ በሯን ለቀድሞ ወታደሮች ከፍታ ነበር። አሜሪካን ሊጅንና የቀድሞ ወታደር ተማሪዎች ማኅበር ምክር ቤት ለምክር ቤት እየዞሩ ወተወቱ። ክርክሩ በየቦታው አንድ ዓይነት ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች «ይህ ሰው የተዋጋው ለአንድ ግዛት አይደለም፣ ለአገር ነው» ይሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በበኩላቸው ስለ ኪሳቸው አወሩ። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ግዛቶች ለዩኒቨርሲቲ የሚመድቡትን በጀት ቆርጠው ነበር። ቀዳዳውን የደፈኑት ከሌላ ግዛትና ከውጭ አገር በሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ ነው። ያንን ክፍያ ለወታደር ቀንሱ ሲባሉ «የጎደለውን ማን ይሞላል?» አሉ። ክፋት አይደለም፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። እስከ 2014 ድረስ ከ20 በላይ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ወይም በዩኒቨርሲቲዎቻቸው መመሪያ ቅናሹን ፈቀዱ። ሌሎቹ ቀሩ።

ከዚያ ኮንግረስ ገባበት። ፕሬዚዳንት ኦባማ ነሐሴ 7 ቀን 2014 የፈረሙት ትልቅ ሕግ በዋናነት ስለ ቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ነበር። ውስጡ ግን 702 የተባለች አንቀጽ አለች። አሠራሯን ልብ በሉ። ፌዴራል መንግሥት ግዛቶችን «ክፍያችሁን ቀንሱ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በሌላ መንገድ መጣባቸው። ከተሰናበተ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ወታደር ከነዋሪው አስበልጦ የሚያስከፍል የመንግሥት ኮሌጅ፣ ከጂአይ ቢል ገንዘብ ይወጣል አለ። የጂአይ ቢል ገንዘብ ደግሞ ለኮሌጆች ትልቅ ገቢ ነው። ማንም ሊያጣው አልፈለገም። እስከ ሐምሌ 2015 ጊዜ ተሰጣቸው፣ ከዚያም ተራዘመላቸው። በዚያ መሀል ገና ያልወሰኑት ግዛቶች ሁሉ ሕጋቸውን አስተካከሉ። ዓመታት ሲለምኑ የኖሩት ነገር በአንድ አንቀጽ አለቀ።

የሦስት ዓመቱ ገደብም አልቆየም። ጥር 2021 የወጣ ሕግ አነሳው፣ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ10 ዓመት በፊት የተሰናበተ ሰው፣ የጂአይ ቢል ወራት ከቀረው፣ በሚኖርበት ግዛት የነዋሪ ዋጋ ይከፍላል። ነዋሪነቱን በ12 ወር ማስመስከር የለበትም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልደረሰበትም። አንድ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጠበቀ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ኤርፖርት ይሰለፋል። ማታ ገብቶ መንጃ ፈቃዱንና የቤት ውሉን የያዘውን ፎልደር ያገላብጣል፣ 12ቱ ወር እስኪሞላ። ሞላና ገባ። ተመረቀም። ያ አንድ ዓመት ግን የማንም ጥቅም አልነበረም። ለእሱም፣ ለግዛቱም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የነዋሪ ዋጋ ማስከፈል አንድ ነገር ነው። ጭራሽ ነፃ ማድረግ ሌላ። ብዙ ግዛቶች ሁለተኛውንም ሞክረውታል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

ቴክሳስን እዩ። የቴክሳስ ሕግ በሴናተር ግሬዲ ሄዝልውድ ስም ሄዝልውድ ይባላል። ሥሩ እስከ 1923 ይሄዳል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱትን ከክፍያ ነፃ ካደረገው ሕግ። ከጂአይ ቢል በ21 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ከቴክሳስ ጦሩን ተቀላቅሎ በክብር የተሰናበተ ሰው በግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆች እስከ 150 ክሬዲት፣ ማለትም የትምህርት ሰዓት፣ በነፃ ይማራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በጸጥታ ሠርቷል። ማንም አላማረረም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የፌዴራሉን ስለሚጠቀም የግዛቱን አይነካውም ነበር።

በ2009 ምክር ቤቱ አንድ ነገር ጨመረ። ወታደሩ ያልተጠቀመበትን ክሬዲት ለልጁ ማውረስ ይችላል አለ። ደግ ሐሳብ ነው። አባት አልተማረም፣ ልጅ ይማር። ወጪው ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ከ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 169 ሚሊዮን ተተኮሰ። አብዛኛው የልጆቹ ነበር። ይህን ወጪ በዋናነት የተሸከሙት ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው። ግዛቱ ሕጉን ሲያወጣ ገንዘቡን አብሮ አልላከም። በ2013 ማገዣ ቋሚ ፈንድ ቢያቋቁምም ከወጪው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ገንዘብ አያትምም። የጎደለውን ወይ ከሌላው ተማሪ ክፍያ ያመጣል፣ ወይ አስተማሪ ሳይቀጥር ይቀራል።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ከጆርጂያ ዘምቶ ቆይቶ ቴክሳስ የኖረ አንድ የሕግ ተማሪ «እኔም ወታደር ነኝ፣ እኔም ቴክሳስ ነኝ፣ ለምን እከለከላለሁ?» ብሎ ከሰሰ። በ2015 የሂውስተን ፌዴራል ዳኛ ፈረደለት። ምክር ቤቱ ተደናገጠ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያለ የቀድሞ ወታደር ሁሉ ሊጠይቅ ነው ብሎ። በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ከቴክሳስ የዘመተ ብቻ የሚለው ጸና።

ይህን ውሳኔ ሳነብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ግዛቱ የራሱን ልጅ ቢያስቀድም ይገባኛል። ግን ስደተኛ ሆኖ ጦር የገባ ሰው የትኛው ግዛት ነው «የራሴ ልጅ» የሚለው? የእኛ ሰዎች ዲቪ ደርሷቸው ዘመድ ያለበት ያርፋሉ። ሥራ ወዳለበት ይሄዳሉ። ጦሩን ከየትም ይቀላቀላሉ። የተመዘገቡበት ከተማ ለእነሱ አውሮፕላን ያረፈበት ቦታ ነው እንጂ አገር አይደለም።

ኢሊኖይም ለቀድሞ ወታደሮቿ በመንግሥት ኮሌጅ ነፃ ትምህርት የሚሰጥ ሕግ አላት። ሕጉ ኮሌጆቹን «አታስከፍሉ» ይላል። ግዛቱ ግን ለዓመታት የሚተካላቸውን ገንዘብ አላሟላም። ሕጉ ከወረቀት ሳይሰረዝ ገንዘቡ ደረቀ። ወታደሩ ገብቶ ይማራል፣ ኮሌጁ ይከፍላል። ትናንሾቹ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ናቸው በጣም የሚጎዱት፣ ትርፍ በጀት ስለሌላቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው። ምክር ቤቱ ላሟን ይቆጥራል፣ ኮሌጁ ወተቱን ከሱቅ ገዝቶ ያመጣል።

ከሁሉም የቅርቡና ለብዙዎቻችንም የቀረበው የቨርጂኒያ ነው። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያላችሁ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ቨርጂኒያ የሞቱ፣ የጠፉ ወይም በአገልግሎት ምክንያት ቢያንስ 90 በመቶ ዘለቄታዊ ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮች ልጆችና የትዳር ጓደኞች በመንግሥት ኮሌጆቿ በነፃ እንዲማሩ ትፈቅዳለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቃሚው በጣም በዛ። እዚህም ገንዘቡን የሚያጡት ኮሌጆቹ ናቸው። በግንቦት 2024 ምክር ቤቱ በበጀቱ ውስጥ ገደብ አስገባ። ሌላ የትምህርት እርዳታ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው፣ እና ሌሎችም።

ጉዳዩ በበጀት መጽሐፍ ውስጥ ተሸጉጦ ነው ያለፈው። ለብቻው ቀርቦ ሰፊ ክርክር አልተደረገበትም። ቤተሰቦቹ ሲሰሙ ተቆጡ። ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ አባታቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ልጆች፣ ሪችመንድ ምክር ቤት ድረስ እየሄዱ መሰከሩ። «ቃል ገብታችሁልን ነው ልጃችንን እዚህ ያስመዘገብነው» አሉ። ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ በልዩ ስብሰባ ተመልሶ ገደቡን ሻረ። አገረ ገዥ ያንግኪን ፈረሙበት። ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ዋናው። ኮሌጆቹን ለመካስ በየዓመቱ 45 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ተመደበ።

ገንዘቡ ነበረ ማለት ነው። ሰው አደባባይ እስኪወጣ ድረስ ግን የማንም ዕዳ አልነበረም። ኮሌጆቹ ላይ ተቆልሎ የነበረው ሸክም ስም ሲወጣለትና ቁጥር ሲሰጠው፣ ፖለቲከኞቹ መፍትሔ አገኙለት።

ሕጎቹን የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉትን አልንቅም። ከነሱ አንዱን በቅርብ አውቃለሁ። የእኛው ሰው ነው፣ ሦስት ልጆች ያስተምራል፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። «የእኔ ልጅ ለምን ለሌላው ይክፈል?» ይላል። ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሰጠውን ከእሱ ልጅ ክፍያ ላይ ሲያካክሰው፣ ምስጋናውን የከፈለው ግዛቱ አይደለም። ፓርኪንግ የሚሠራው አባት ነው የከፈለው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጠቅላላ ሕዝቡ በግብር ቢከፍለው ሀብታሙም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። በቱሽን ሲሆን የሚያዋጡት ተማሪ ያላቸው ብቻ ናቸው። ለወታደር ክብር የሚቃወም የለም። ክርክሩ ሁሉ ስለ ሂሳቡ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። ግዛቶች ለቀድሞ ወታደሮች ትምህርት ቅናሽ ይስጡ፣ ነፃም ቢሆን ይሁን። ግን በዚያው ሕግ ውስጥ የበጀት መስመር ይኑር። ስንት እንደሚያስወጣ በየዓመቱ በግልጽ ይነገር። ምክር ቤቱ ይክፈል እንጂ ኮሌጁን «አንተ ቻለው» አይበለው። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ የአባት ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት ቤት ይቅደም። ክሬዲት ማውረስ በኋላ ይምጣ። ይህን መናገር ለወታደር ንፉግ መሆን አይመስለኝም። ገንዘብ ያልተመደበለት ቃል መጀመሪያ የሚታጠፈው በችግር ዓመት ነው። በችግር ዓመት ደግሞ ነው ሰው ትምህርት ቤት የሚገባው።

ለእኛ ሰዎች ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ጦር ውስጥ ያለውን የሐበሻ ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዲቪ የመጣው አለ። እዚሁ ተወልዶ ያደገው አለ። ከ2009 እስከ 2016 ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበር። ግሪን ካርድ የሌላቸው ግን በሕጋዊ ቪዛ ያሉ፣ ለጦሩ የሚያስፈልግ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን ይመለምላል። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በጠቅላላው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በዚያ በር ገብተዋል። በተማሪ ቪዛ መጥቶ ቱሽን ያቃተው ልጅ፣ ቋንቋው ራሱ መንገድ ሆነለት። ዛሬ ብዙዎቹ ተሰናብተዋል። ልጆችም አሏቸው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስነጋገር ሁሌ የሚያስገርመኝ፣ የፌዴራሉን ያውቃሉ፣ የግዛቱን አያውቁም። ጂአይ ቢል የሚለውን ስም ያልሰማ የለም። የሚኖሩበት ግዛት ለብቻው ሕግ እንዳለው የሚነግራቸው ግን የለም። የጥበቃው ልክም አይነገርም። የፌዴራሉ የነዋሪ ዋጋ ዋስትና የሚሠራው በጂአይ ቢል ለሚማር ነው። 36ቱ ወር ሲያልቅ፣ ለምሳሌ ማስተርስ ላይ ስትደርሱ፣ የምትደገፉት የግዛቱ ሕግ ላይ ነው። በዚያ ግዛት መኖርም ያስፈልጋል። ስንብቱም በክብር መሆን አለበት። እንደየግዛቱ የቀረው ይለያያል። ዊስኮንሲን ከእሷ የዘመተውን 128 ክሬዲት ወይም 8 ሴሚስተር ነፃ ታስተምራለች። ማሳቹሴትስ የግዛቱ ተጠባባቂ ጦር ለሆነው ለናሽናል ጋርድ አባላቷ የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ታነሳለች። ከወር ወር እያሉ ቅዳሜና እሁድ የሚለማመዱት የጋርድ ልጆች በተለይ ይህን ቢጠይቁ ጥሩ ነው። የጋርድ አገልግሎት ሁሉ ለጂአይ ቢል አይቆጠርምና ለእነሱ የግዛቱ ሕግ ከፌዴራሉ ሊበልጥ ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ገንዘብ ነው። የግዛቱ ነፃ ትምህርት የመጀመሪያውን ዲግሪ ከቻለ፣ የፌዴራሉን ወራት ለኋላ ማቆየት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አንዳንድ ግዛት ሁለቱን አብሮ ያስኬዳል። አንዳንዱ መጀመሪያ የፌዴራሉን ጨርስ ይላል። አንዴ የተበላ ወር አይመለስም። የፌዴራሉን ወራት ለልጅ ማውረስ የሚፈልግ ደግሞ ገና በሥራ ላይ እያለ ነው መጠየቅ ያለበት። ስድስት ዓመት አገልግሎ ሌላ አራት ዓመት ለመጨመር መፈረምን ይጠይቃል። ዩኒፎርሙን ካወለቁ በኋላ «ለልጄ ላውርሰው» ማለት አይሠራም። ይህን ሳያውቁ የወጡ አባቶችን አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

የአክስቴ ልጅ አሁን የራሱ ቤት አለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ትንሽ ቢሮ ሆኗል። ከጦሩ የወጣ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ስልኩን ከሰው ሰው ያገኛል። ባለፈው ሄጄ ሳለ ከባሕር ኃይል የተሰናበተች ልጅ ተቀምጣ ነበር። ፖስታዋን ከፍታ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀቷን አወጣች። እሱ ሻዩን ገፋ አድርጎ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«ከየት ነው የተቀጠርሽው?»

«ቴክሳስ። ዳላስ።»

ቀና ብሎ አያት። «እና እዚህ ነው የምትማሪው?»

«እናቴ እዚህ ናት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ እስክሪብቶ አወረደ፣ ወረቀት ለሁለት ከፈለ። በአንደኛው በኩል «እዚህ፣ ጂአይ ቢል፣ 36 ወር» ብሎ ጻፈ። በሌላኛው «ቴክሳስ፣ ሄዝልውድ፣ 150 ክሬዲት»።

«ሰኞ ሁለቱም ጋ ትደውያለሽ» አላት። «ቬተራን ቢሮ ብለሽ ጠይቂ። የሚነግሩሽን በስልክ አትቀበዪ፣ በኢሜይል ይላኩልሽ። እስከዚያ ምንም አትፈርሚ።»